የሜዳችን ጨዋታ ኪንሻሳ፣ ሩጫችን መስቀል አደባባይ

ሐሙስ፣ ህዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሐዋሳ እስከ ልደታ

ከሐዋሳ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። የአውቶቡሱ ትኬት 650 ብር ሆኗል። ከሐምሌው የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ ወደ ታች ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ማንም አልተከራከረም። ሐዋሳ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት በሁለት ጉዳይ ነበር፤ እሁድ ታላቁ ሩጫ አለ፣ ቅዳሜ ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከታንዛኒያ ጋር ይጫወታል። ጨዋታውን ከአክስቴ ልጅ ጋር ሆኜ ለማየት ተቀጣጥረናል። በሩጫውም ከወራት በፊት ያስመዘገበኝ እሱ ነው።

ባቱ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ሲወርድ እሱም አየር የለውም። ረዳቱ ጎማውን በባጃጅ ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ ሲሄድ እኛ አስፋልቱ ዳር ካለ ግራር ስር ተሰበሰብን። ጨዋታው ወዲያው ኳስ ሆነ። ሁለት ወጣቶች ስለ አርሰናል ተከላካዮች የጀመሩት ክርክር ሌላውንም አስገባ፤ የማንቸስተር ደጋፊ የሆኑ አንድ አዛውንት እንኳ ከፈርጉሰን ዘመን እየጠቀሱ ተቀላቀሉ። እኔም ገባሁና «ቅዳሜስ ኢትዮጵያ ከማን ጋር ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዝም ተባለ። ከታንዛኒያ ጋር መሆኑን የነገራቸው ጎማውን አስጠግኖ የተመለሰው ረዳት ነው፤ «ኪንሻሳ ነው የሚጫወቱት፣ የሜዳችን ጨዋታ ነው» አለ። አንዷ እናት «የሜዳችን ከሆነ ኪንሻሳ ምን ይሠራል?» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ እስክመለስም ከእኔ ጋር ቆየ።

ከቃሊቲ ባቡር ይዤ ልደታ ወረድኩ። አክስቴ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስር ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነበር። «መንገድ ላይ ምን ነካሽ የኔ ልጅ፣ ምሳው እኮ ቀዘቀዘ» አለችኝ። ምሳው ግን አልቀዘቀዘም ነበር።

ዓርብ፣ ህዳር 6፤ ፒያሳና ብሔራዊ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ፒያሳ ወጣን። ተወልዳ ያደገችው ሠራተኛ ሰፈር ነው። ፒያሳን ካየችው ቆይታለች፤ «ብቻዬን ማየት አልፈልግም» ስትል ነበር የከረመችው። ከታክሲ ወርደን ጊዮርጊስን ተሳልመን ወደ ታች ስንሄድ እጄን ይዛ በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ፈርሷል፤ የለም። እግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል፣ መቀመጫ አለው፣ ማታ ማታ መብራቱ ያምራል ይላሉ። ሐዋሳ የሐይቁ ዳር ባይኖር እንዲህ ያለ የእግር መንገድ እኛ የለንም። ልጅ በጋሪ እየገፋች የምታልፍ እናት አየሁና ደስ አለኝ። አክስቴ ግን አጥር በታጠረበት ባዶ ቦታ ፊት ቆማ፣ እዚህ ጋ ሥጋ ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ ሙዚቃ ቤት ነበር፣ እዚያኛው ጋ ደግሞ ወንድሜ ካሴት ያስቀዳ ነበር ትለኛለች። መንገዱ ማማሩን አልካደችም። «ሰዉ የት ሄደ ነው የምልሽ» ነው ያለችው።

ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ጥቂት አርፈን ወደ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሄድን። ይህ ቤት እኔ ለማስተምረው ትምህርትም ቅርብ ነው። ሀገር ፍቅር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው ጣልያን ሊወር በተዘጋጀበት ጊዜ ሕዝቡን በንግግር፣ በመዝሙርና በቀረርቶ ለመቀስቀስ ነው። እዚሁ ሰፈር፣ በወራት ልዩነት፣ በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ተመሠረተ፤ ስሙንም ከደብሩ ወሰደ። ጦርነት በር ላይ ቆሞ ሳለ የአራዳ ልጆች መድረክም ኳስም አቋቋሙ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ኳስ ቤት ውስጥ ብቻ የሚታይ ነገር እንዳልሆነ ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ መጮህ ሲፈልግ የሠራቸው ቤቶች ናቸው፣ ሁለቱም።

አክስቴ በልጅነቷ ጥላሁን ገሠሠን በዚህ ቤት መድረክ ላይ አላየችውም፤ እሱ የጀመረው ከእሷ በፊት ነው። ታላላቆቿ ግን አይተውታል፤ እንዳዩት ሁሉ አድርጋ ነው የምትተርከው።

ቀኑ ጾም ነውና በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት በያይነቱ በላን። ለሁለታችን 360 ብር ከፈልን። ምስሩ በርበሬው የበዛ፣ ጎመኑ ጥሩ። ማኪያቶው ከዚያ ወጥተን በቆምንበት የጠጣነው ነው፤ 50 ብር። ሐዋሳ 35 ነው፣ ግን ማኪያቶ ላይ ፒያሳን ማማት አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድን። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ስር ወጣቶች በስልካቸው ቪዲዮ ይቀርጻሉ። አንዱ ይጨፍራል፣ ሁለቱ ይይዛሉ፣ ሲሳሳት እንደገና ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ሲከፈት በዚህ በር ለመግባት ካባና ሱፍ የሚያስፈልግ ይመስል ነበር ይባላል። አሁን ከበሩ ውጪ ያለው መድረክ ከውስጡ የበለጠ ተመልካች ሳይኖረው አይቀርም፤ የሚያየው ግን አንድም ሰው እዚያ የለም፣ ሁሉም በየቤቱ ነው።

ትኬቱ 200 ብር ነበር። አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቷል። አንድ ነገር ግን ልቤን ሞላው፤ ተመልካቹ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ባልየው ሚስቱን ሲዋሻት ከኋላችን ያሉ ሴት «ኧረ አትመኚው!» ብለው ጮሁ። ተዋናይዋ ሳትዞር፣ ቃላቷን ሳትስት፣ ለቅጽበት ብቻ ቆም አለችና ቀጠለች። ያቺ ቅጽበት ለእሳቸው የተሰጠች መልስ ነበረች፤ አዳራሹ ሁሉ ገባውና አጨበጨበ። ወጣቶቹ ገጸ ባሕርያት በመንገድ አማርኛ፣ በአራዳ ቋንቋ ሲያወሩ ፊት ያሉት ተማሪዎች ይስቃሉ፤ አባትየው በተረትና ምሳሌ ሲመልስ ደግሞ እነ አክስቴ ይስቃሉ። ሳቁ ከአዳራሹ ወዲህ ጫፍ ወዲያ ጫፍ ሲመላለስ ነው የዋለው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይገኝም።

ስንወጣ በር ላይ ካገኘናቸው የቤቱ የቀድሞ ሠራተኛ ጋር ጥቂት ተጨዋወትን። ፊልም ቤቶች በር ላይ ሰልፍ መንገድ የሚዘጋበት ዘመን ነበር አሉ። ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተርጉሞ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ ሰው ማታውን ቤቱ ማሳለፍ ለመደ፤ ቀጥሎ ዩቲዩብ መጣ። ክፋት አላወሩም። የሚያሳስባቸው ወጣት ተዋንያን የት ይሠሩ የሚለው ነበር።

ቅዳሜ፣ ህዳር 7፤ ስታዲየም

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ነበርኩ። በሙያዬ ምክንያት ይህን ቦታ እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው የማየው፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ገልጦት ይሄዳል። በግማሽ ክብ የተደረደሩትን እርከኖች ሯጮች ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተመላለሱ ይጨርሷቸዋል። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ዕድሜዋ 16 ቢሆን ነው፣ ከእርከኑ ጫፍ ስትደርስ ጣቷን አጥፋ ትቆጥራለች። እጇ ሲያልቅ ትንሽ ጠጠር ከኪሷ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከአንድ ጀመረች። ሰዓት የላትም። ጫማዋ ጎኑ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት መሆኗን ይህች ልጅ ታውቅ ይሆናል። ስትሮጥ ትከሻዋን የምትይዝበት መንገድ ያማረ ነበር። «በርቺ» አልኳት። ሳትቆም ጭንቅላቷን ነቀነቀችልኝ።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ተሻገርን። ዙሪያውን ያሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ክፍት ናቸው። ዋንጫ በየመጠኑ ተደርድሯል፣ ሜዳልያ ተሰቅሏል፣ ማሊያ በየዓይነቱ አለ። ለትምህርት ቤቴ ፊሽካና ሁለት ኳስ ገዛሁ፤ ኳሱ አንዱ 1,400 ብር፣ ተከራክሬ በ1,250 ወሰድኩት። በረድፍ ከተሰቀሉት ማሊያዎች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ክለቦች ናቸው። የኢትዮጵያ ቡና ቡናማና ቢጫ ማሊያ ጥግ ላይ ነበር። ባለ ሱቁ «ሜዳው ቢከፈት እሱን ነበር ፊት የምሰቅለው» አለ፤ በጨዋታ ቀን ሰዉ ከበሩ እስከ ለገሃር ይሞላ እንደነበር በእጁ እያሳየ።

ሜዳው ለዓመታት እድሳት ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ የአዲስ አበባ ክለቦች እኛ ጋም፣ ሐዋሳም መጥተው ይጫወታሉ። ለእኛ ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቼን ይዤ እገባለሁ። ግን የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊዎች ጥቂት ሆነው፣ ከበሯቸውን ይዘው፣ የአውቶቡስ ወጪ ከኪሳቸው ከፍለው ሲመጡ ሳይ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ክለብ ከሰፈሩ ተነቅሎ በቴሌቪዥን ብቻ ሲታይ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ መዝሙር አይማርም። የእንግሊዝ ክለብ መውደድን አልቃወምም። ቅር የሚለኝ ልጁ የሚመርጠው ሌላ ነገር ማጣቱ ነው።

ከአጥሩ ውጪ ቆመን የአክስቴ ልጅ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የነበረውን ነገረኝ። ከሱዳን ጋር ነበር። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተናል። ትኬት ለማግኘት ሌሊቱን በዚህ አጥር ሥር ብርድ ልብስ ተከናንቦ አደረ። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፣ 2 ለ 0 አለቀ፣ ከሜዳ ውጪ ባስቆጠርነው ግብ አለፍን። ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። የማያውቀው ሰው አቅፎት ሲያለቅስ፣ በጉራጊኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ሲዘፈን እስከ ፒያሳ በእግሩ ሄደ። ሲያወራ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

ይኼ ሜዳ ከዚያም በላይ አይቷል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችው፣ አስመራ ያደገው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የአፍሪካ ዋንጫን የተቀበለው እዚህ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ ነን፤ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በፕሬዝዳንትነት መርተውታል። የዚያች አገር ቡድን በዚህ ማጣሪያ የሜዳውን ጨዋታዎች ዳሬሰላም፣ አቢጃንና ኪንሻሳ አደረገ፤ ኮንፌዴሬሽኑ የሚቀበለው አንድ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረ።

ማምሻውን ከስታዲየሙ ብዙ ሳንርቅ ወደ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባን። መግቢያ የለውም፣ ለስላሳ መጠጣት ግን ግድ ነው፤ 40 ብር። ሳምንቱ የብሔራዊ ቡድኖች በመሆኑ የእንግሊዝ ሊግ የለም። ባለቤቱ «ዛሬ ሰው አይመጣም» ብሎ ወንበር አልደረደረም ነበር። መጣ። አንድ በአንድ፣ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ፣ ወንበር እየጎተቱ ሞሉት። ከጎኔ የተቀመጠ የታክሲ ረዳት ተጫዋቾቹን በስማቸው ሳይሆን በሰፈራቸው ነው የሚጠራው። ኮሜንታተሩ ሲሳሳት ያርሙታል። ከኪንሻሳ የመጣው ምስል የሚያሳየው ግን ባዶ መቀመጫ ነው፣ በየረድፉ ባዶ። «የሜዳ ጨዋታ» የሚለው ቃል ከዚያ ባዶ ወንበር ጋር አብሮ ሲታይ የባቱዋ እናት ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጣ። ሁለት ግብ ገባብን። 2 ለ 0 አለቀ።

ማንም አልተሳደበም። ረዳቱ ጠርሙሱን አስቀምጦ «እነዚህ ልጆች እኮ ማን ይጮህላቸው?» አለ። የዚያን ዕለት ሌላ ያን ያህል እውነት የሆነ የስፖርት ትንታኔ አልሰማሁም።

እሁድ፣ ህዳር 8፤ ታላቁ ሩጫ

አክስቴ ሌሊት ተነስታ ገንፎ አገንፍታ ነበር። ከልደታ በእግራችን ስንወጣ መንገዱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቲሸርት ተሞልቷል። ከየኮንዶሚኒየሙ፣ ከየታክሲው ይወርዳል። ይህ ሩጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የወንዶቹን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። አሁን ፊት ያሉት አትሌቶች 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰው ውኃ ሲጠጡ እኛ ከኋላ ገና መነሻውን አላለፍንም።

ከኋላ ያለው ሩጫ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ጭፈራ ነው። ድምፅ ማጉያ በየመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ከአጥር ላይ ውኃ ይረጩናል። ፊታችን ያሉ የቢሮ ሠራተኞች ቡድን አንዱ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ ይጨፍራል። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ ከዚያ የጉራጌ ጭፈራ መጣና እግሩን ያልነሳ ሰው አልነበረም። ከሲዳማ የመጡ ልጆች ሳገኝ የኛን ዜማ ጀመርኩ፤ ወዲያው ተቀበሉኝ፤ ቋንቋውን የማይችሉ ሰዎችም አጀቡን። ሕፃን ያዘለ አባት አለ፣ ዊልቸር የሚገፉ ጓደኛሞች አሉ፣ የቀን ድግሳቸውን ትተው በሚዜ ልብስ የመጡም አየሁ። ትናንት ማታ ያ ባዶ መቀመጫ ላይ የሚያስፈልገው ሕዝብ ይኸው ነው፣ በአስር ሺዎች፣ ያለ ቀስቃሽ ወጥቶ።

መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት ተላቀቀና እያጨበጨበ ይመታኝ ጀመር። በአዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ ሊስትሮ የለም። አንድ ፖሊስ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መንገድ አመለከተኝ፤ እዚያ ከግንብ ሥር አንድ ልጅ ሳጥኑን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጫማውን ገልብጦ አየና አሮጌውን ማስቲሽ በካራ ፋቀ፣ አዲስ ቀባ፣ እስኪደርቅ በአፉ እፍ አለበት፣ ከዚያ በወፍራም መርፌ ከአፍንጫው ጀምሮ ዙሪያውን ሰፋው። ክሩን በየስፌቱ ሁለት ጊዜ እየጠለፈ። የትናንት ማለዳዋ ልጅ ጫማ ላይ ያየሁት ጥቁር ክር ይኸው ነበር። «ስንት?» ስለው «ለሯጭ 50» አለ። 100 ሰጠሁት። ስፌቱ እስከ መጨረሻው ያዘ፤ እስካሁንም ይዟል።

ሜዳልያዬን ተቀብዬ ከአክስቴ ልጅ ጋር ጥብስ በላን። 450 ብር አንዱ፤ ሐዋሳ በዚህ ዋጋ ዓሣ ለሁለት ይበላል። በዚያ ቀን ግን ዋጋው አልከበደኝም።

ሰኞና ማክሰኞ

መልሱ ያለ ችግር ነበር፣ ጎማም አልፈነዳ።

ማክሰኞ ማታ ብሔራዊ ቡድናችን እዚያው ኪንሻሳ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ ሜዳ፣ ባለሜዳዎቹን 2 ለ 1 አሸነፈ። ከማጣሪያው ውጪ ሆነን ነው፤ ድሉ ወደ ዋንጫው አያደርሰንም። የአክስቴ ልጅ የመጨረሻው ፊሽካ እንደተነፋ ደወለ፤ ከኋላው ያ ቤት ሙሉ ሰው ሲጮህ ይሰማል። ስታዲየሙ በተከፈተ ቀን ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ ትኬት እንዲያስቀምጥልኝ ነገርኩት። «ስንት ናቸው?» አለኝ። 54 ናቸው። ሌሊቱን ተሰልፎ እንደሚገዛ ቃል ገብቶልኛል።